ለሻይ የሚመጡልን መስሎን ነበር

ውድ ሚስተር ኦልድሮይድ፣

«ውድ» ያልኩት ደብዳቤ በዚያ ስለሚጀመር ብቻ ነው። በአሁኑ ሰዓት ከእርስዎ ይልቅ የጎረቤታችን ድመት ትሻለኛለች። እሷ ዓሣ ስትሰርቀን እንኳን ዓይን ዓይናችንን እያየች ነው።

ቤትዎን ከገዛን ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ቁልፉን ለእናቴ ሲያስረክቡ ጣሪያውን በጣትዎ እያሳዩ ምን እንዳሉ አልረሳሁም። «ዴኒስ፣ የኔ ልጅ፣ ሶላሩ ከነቤቱ ያንቺ ነው። ልብስሽን እኩለ ቀን ላይ እጠቢ፤ ፀሐይ በነፃ ታጥብልሻለች።» እናቴም አመነች። እስከ ዛሬ ድረስ የሶላር ጥቅም ካልሲ ማጠብ ብቻ ይመስላታል። ደመና በመጣ ቁጥር ማሽኑን አጥፍታ በመስኮት ሰማይ ሰማይ ታያለች። ዝናብ በማይለያት ሃሊፋክስ ውስጥ! እዚህ ፀሐይ የሚጠብቅ ሰው ያለ ካልሲ ነው የሚያረጀው።

ከዚያ በየሦስት ወሩ መምጣት ጀመሩ። በእጅዎ አንድ ፓኬት ብስኩት፣ ያውም ርካሹን። እናቴ ግን ንጉሥ የመጣ ይመስል ዝንጅብል ኬክ ትጋግራለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ በራችንን የሚያንኳኳው ፖስተኛውና እርስዎ ብቻ ነበራችሁ። በሰማያዊው ኩባያ ልጠጣ ካልኩ «የሚስተር ኦልድሮይድ ነው፣ አስቀምጪ!» ትለኛለች።

እኔም ወድጄዎት ነበር፤ ይኸው ተናገርኩት። ሻይዎ ውስጥ ጨው የጨመርኩ ቀን እስከ አተላው ጠጥተው «ዴኒስ፣ የዛሬው ሻይሽስ ልዩ ነው» ሲሉ ተሸንፌልዎታለሁ። እናቴ ገብቷት «አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌውን ተያቸው!» ብላ ስትቆጣ፣ «ተያት፣ ቤቱ ሳቅ ናፍቆት ነበር» አሏት።

ሻዩ ሲያልቅ ደግሞ ይነሡና «እስቲ የናይጀልን በር አንዴ ልየው» ይላሉ። ከደረጃው ሥር ያለችው ጓዳ በር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ልጅዎ ሲያድግ ቁመቱን በእርሳስ አስምረውበታል። አውስትራሊያ ገብቶ እንደማይደውልልዎም ነግረውናል። እናቴ ዓይኗን እየጠረገች «ለብቻቸው ይሁኑ» ብላ የሳሎኑን በር ትዘጋለች። ቤቱን ሙሉ ቀለም ስንቀባ ያንን በር አላስነካችም።

ባለፈው ጥር፣ እርስዎ መጥተው በሄዱ በሳምንቱ፣ ማሞቂያችን ተበላሸ። ማሠሪያ ገንዘብ ስላልነበረን እናቴ እራቷን ካፖርት ለብሳ ትበላ ጀመር። እኔ አሮጌዋን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፍለጋ ጓዳዋ ውስጥ ገባሁ። ባትሪ ሳበራ ከናይጀል ቁመት ጎን ሌላ የእርሳስ ጽሑፍ አየሁ። ቀንና ቁጥር፣ ቀንና ቁጥር። ከበሩ ትይዩ ደግሞ የሶላሩ ቆጣሪ አለ። ዝርዝሩ ሶላሩ ከተሰቀለበት ዓመት ይጀምራል፤ ቤቱን በሸጡበት ቀን ግን አያቆምም! ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች ሁሉ ኬክ የተበላባቸው ናቸው። ሒሳብ አይገባትም ተብዬ ከትምህርት ቤት የወጣሁት እኔ እንኳን ገባኝ።

መብራት ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ድምፄን አወፈርኩና «ናይጀል ኦልድሮይድ ነኝ፣ ጉንፋን ይዞኛል፤ የአባቴ የሶላር ክፍያ እንዴት ነው?» አልኩ።

«አባትዎ ምስጉን ደንበኛ ናቸው» አለችኝ ሴትየዋ። «የቆጣሪውን ንባብ አንድም ጊዜ ሳይልኩልን ቀርተው አያውቁም። ሶላሩ ላመነጨው መብራት በዓመት አንድ ሺህ ሦስት መቶ ፓውንድ ገደማ ከእኛ ይደርሳቸዋል።»

«ቤቱ ቢሸጥስ?»

«ክፍያው ለገዢው ይዛወራላ! ሻጩ የማዛወሪያ ፎርም ላይ መፈረም ብቻ ነው ያለበት።»

ምስጉን ደንበኛ! ከገዛ ጣሪያችን የሚወርደው ገንዘብ እርስዎ ኪስ እየገባ፣ እናቴ ካፖርት ለብሳ ትንዘፈዘፋለች። የገንዘቡ ንዴት ግን ሁለት ቀን አድሮ በረደልኝ። የበሩ አልበረደልኝም። የገዛ ልጅን ቁመት ለሌብነት መጋረጃ ያደርጉታል? እናቴ እኮ አልቅሳልዎታለች!

ስለዚህ ሚያዝያ ላይ ከመምጣትዎ በፊት ቆጣሪው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ። «ቁጥሩ ዛሬ የለም። ኬኩ ግን አለ።» ከጓዳዋ ሲወጡ ፊትዎ ሊጥ መስሎ ነበር። ባርኔጣዎን እንኳን ሳያነሱ ወጡ።

ስስቅ የምውል መስሎኝ ነበር። ሐምሌ ላይ እናቴ ኬኩን ጋግራ መስኮት ሥር ተቀመጠች፤ አልመጡም። «ምን ብያቸው ይሆን ጆዲ? ስለ ናይጀል የጠየቅኳቸው አስከፍቷቸው ይሆን?» አለችኝ። ኬኩ ሳይቆረስ ደረቀ። ባርኔጣዎን በየሳምንቱ አቧራውን ታራግፋለች። ሰረቁን፣ እሷ ደግሞ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ትጨነቃለች! ምስጢር አንድ ሰዓት የማይቆይብኝ ልጅ ይኸው ስድስት ወር አፌን ዘግቻለሁ፤ ብነግራት የምታጣው ገንዘብ ብቻ ስላልሆነ።

የኩባንያው የማዛወሪያ ፎርም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ላይ ይፈርሙ። በፖስታ እንዳይልኩት! ሐሙስ በሻይ ሰዓት ይዘውት ይምጡና ያደረጉትን በራስዎ አፍ ይንገሯት። የወሰዱትን እንዴት እንደሚመልሱ ከእሷ ጋር ይነጋገሩ፤ ዕድልዎ ሆኖ ከእኔ ይልቅ እሷ ታዝንልዎታለች። ካልመጡ ዓርብ ጠዋት እኔ እነግራታለሁ፣ ሰማያዊውንም ኩባያ ለድመቷ እሰጣለሁ።

በሩ ላይ ያለውን ቁጥር በሙሉ በላጲስ አጥፍቼዋለሁ። ፎቶ አንስቼ ነው፣ ሞኝ አይደለሁም። የናይጀልን ቁመት አልነካሁትም። ሐሙስ በሩን ማየት ከፈለጉ ያያሉ፤ እኔ ግን አብሬዎት እገባለሁ።

ሻይዎ ውስጥ ጨው መጨመሯ የማይቀረው፣
ጆዲ ሰግደን