ከሚሳኤል ጣቢያ እስከ ኪቦርድ ጥገና፦ የመቶ አለቃ ኦዳ ሂርጳ የሕይወት ጉዞ (1950–2018 ዓ.ም.)

መቶ አለቃ ኦዳ ሂርጳ ከአባታቸው ከኦቦ ሂርጳ ገመዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ደጊቱ ዋቆ፣ ከሰበታ ወዲያ በጅማ መንገድ በምትገኘው ተጂ፣ በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ተወለዱ። ወላጆቻቸው ጤፍና ሽምብራ የሚያመርቱ፣ በአካባቢው የተከበሩ ገበሬዎች ነበሩ። አንደኛ ደረጃን እዚያው ተጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን ሰበታ ዘመድ ቤት ተቀምጠው ተምረዋል።

በ1969 ዓ.ም. ሠራዊቱን ተቀላቀሉ። በ1971 ዓ.ም. በፈተና ተመርጠው ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩና የፀረ አውሮፕላን ሚሳኤል ራዳርና የዒላማ መረጃ ሥርዓት ተማሩ። በትምህርት ቤታቸው ክበብ ውስጥ ግማሽ ቁልፎቹ ድምፅ ያቆሙ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ነበር። አስፈቅደው ሲፈቱት በራዳሩ ውስጥ የሚያውቋቸውን ዕቃዎች አገኙበት። “ይኼማ ዘመዴ ነው” ብለው መሳቃቸውን ለልጆቻቸው ደጋግመው አጫውተዋል። ኦርጋኑን ጠግነው ለክበቡ በዓል አደረሱት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሙዚቃ መሣሪያ ፍቅር አልለቀቃቸውም።

በ1974 ዓ.ም. ተመልሰው በሚሳኤል ጣቢያ አገለገሉ። በ1976 ዓ.ም. የገፈርሳዋን ልጅ ወ/ሮ ኡርጂ ነገራን አግብተው ፌኔትንና ሞቲን ወለዱ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ልጆቻቸውን ይዘው ቡራዩ፣ የሚስታቸው ቤተሰቦች ግቢ ገቡ። ሚሳኤል የሚያውቅ ሰው ያን ጊዜ ማንም አይፈልግም ነበር። የሬዲዮና ቴፕ ነጋዴው አቶ ሙሐመድአሚን ግን ከሱቃቸው አንድ ጥግ ለቀቁላቸው። የሰርግ ተጫዋቾች ኪቦርድ መያዝ የጀመሩበት ዘመን ነበርና፣ ብልሽት የገጠመው ሁሉ ወደ ቡራዩ ይመጣ ጀመር።

በ1990 ዓ.ም. የቀድሞ ባለሙያዎች ሲጠሩ ዳግም ዘመቱ። አንድ ማለዳ በራዳሩ መስኮት ላይ ማንነቱ ያልታወቀ አውሮፕላን ታየ፤ ለመተኮስም ሁሉ ነገር ተዘጋጀ። መቶ አለቃ ኦዳ ግን የወገንን አውሮፕላን የሚለየው የመረጃ መስመር እንደተቋረጠ ተጠራጥረው ለአዛዣቸው፣ “ጌታዬ፣ መስመሩን አንዴ ልየው፤ ከተኮስን አንመልሰውም” አሉ። አዛዡም ፈቀዱ። መስመሩ ሲቀጠል አውሮፕላኑ የወገን ሆኖ ተገኘ። ይህንን ያወቅነው አብረዋቸው ከነበሩት ከሃምሳ አለቃ እሸቴ ነው፤ መቶ አለቃ ራሳቸው አንድም ቀን አውርተውት አያውቁም።

ከዚያው ግንባር በፍንዳታ ቀኝ ጆሯቸውን አጥተው፣ ግራው ተዳክሞ በ1992 ዓ.ም. ተመለሱ። ቤተሰቡ በሕይወት በመግባታቸው አምላኩን ሲያመሰግን፣ እርሳቸው ግን መሣሪያዎቻቸውን ጠቅልለው የሱቁን ቁልፍ ለአቶ ሙሐመድአሚን ሊመልሱ ተነሡ። “ድምፅ የማይሰማ ሰው የሰው ኪቦርድ ቢነካካ በደል ነው” አሉ። ወ/ሮ ኡርጂ መንገዱ ላይ ቆሙባቸው። “የፌኔት አባት፣ እጅህ መች ደነቆረ? የጎደለህ ጆሮ ከሆነ የኔ አለልህ” አሏቸው።

በማግስቱ አብረው ሱቅ ገቡ። መቶ አለቃ ይበይዳሉ፤ ወ/ሮ ኡርጂ ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫኑ ያዳምጣሉ። የተስተካከለ ሲሆን የባላቸውን ትከሻ መታ ያደርጋሉ፤ ካልሆነ ዝም ይላሉ፤ እንደገና ይፈታል። መጀመሪያ ላይ ዝምታው በዛ፤ መቶ አለቃ ኦዳ ግን አንድም ቀን አልተቆጡም። ሁለቱ እንዲህ ሆነው ኪቦርዶችን ለትዝታና ለአንቺሆዬ ቅኝት እስከ ማስተካከል ደረሱ። በ1994 ዓ.ም. የመጨረሻ ልጃቸው ሀሴት ተወለደች። በ1998 ዓ.ም. የራሳቸውን ሱቅ ሰበታ ከፈቱ። ከሱሉልታ መዘምራን፣ ከቡራዩ የመንዙማ ስቱዲዮ፣ ከአዲስ አበባም ባንዶች ይመጡ ነበር። “ኡርጂ ያልሰማችው ኪቦርድ ሰርግ አይወጣም” የሚል አባባልም በተጫዋቾቹ ዘንድ ተለመደ። መቶ አለቃ ይህን አባባል ከማዕረጋቸው አብልጠው ይኮሩበት ነበር።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ በኩላሊት ሕመም ምክንያት በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። በሕመማቸውም ጊዜ ጠያቂን ሁሉ “ጌታ ይስጥልኝ፤ ብዙ ተደረገልኝ” ይሉ ነበር። ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው፣ ሰበታ በሚገኘው ቤታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ከአጠገባቸው ሳይለዩ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተውልናል።

ላስታመማችሁልን፣ ከተጂ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ለመጣችሁ፣ ድንኳን ለተከላችሁልን ለእድራችን አባላት ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል። ኪቦርድ ለጥገና የሰጣችሁ ደንበኞችም አትጨነቁ። የተጠገነው ከወ/ሮ ኡርጂ ዘንድ ይጠብቃችኋል፤ የቀረውን አባቷ ያስተማሯት ፌኔት ትጨርሰዋለች። ሱቁ ከአርባው በኋላ ይከፈታል።

ብዙ ያደረገላቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ጎን ያሳርፍልን። አሜን።