ያየውን የጻፈው ተማሪ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለመሪጌታ ዓባይነህ ይድረስ፤ ደብረ ታቦር።

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ጉልበትዎ የታኅሣሥን ብርድ ቻለው? ዓይንዎስ ተሻለው? እናቴስ እንዴት ናት? እኔ በአምላክ ቸርነት በሥጋዬ ደኅና ነኝ፤ ልቤን ግን አሞኛል፤ ለእርስዎ ካልነገርኩ አይወጣልኝም።

እንደሚያውቁት ኮሌጅ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና አስተምራለሁ። ባለፈው ወር ሬዲዮ አንዱን ጣቢያ ከሌላው የሚለይበትን ሰርኪዩት ሠርተው እንዲለኩ ተማሪዎቼን አዘዝኩ። አሥራ አንዱ መጽሐፉ የሚለውን ቁጥር አመጡ። ነገሳ የሚባል የሱሉልታ ልጅ ብቻ ሌላ ቁጥር ጻፈ። ያየሁትን ነው የጻፍኩት ቢለኝ፣ እኔ ኩሩው ልጅዎ በጓደኞቹ ፊት ውሸታም ብዬ ዜሮ ሰጠሁት። በማግስቱ ከትምህርት ቀረ።

ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሰርኪዩት ራሴ ብለካው ምን ላግኝ? የነገሳን ቁጥር! ደጋግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። ከውጭ የመጣልን ዕቃ ላዩ ላይ የተጻፈበት ቁጥርና ውስጡ አይገናኝም። ለካ ጎበዝ ያልኳቸው ከመጽሐፍ ቀድተው ኖሯል፤ የለካው እሱ ብቻ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚሉት ለኔ ነበር።

ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቀው ሱሉልታ ሄድኩ። ከአባቱ ከኦቦ ቀጄላ ጋር ድርቆሽ ሲከምር አገኘሁት። ሰውየው እርጎ አቀረቡልኝና፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ልጄ መምህሩን አስቀይሞ አዋረደን፣ ማሩልኝ ብለው ነገሳን ጉልበቴን አሳሙት። ሳመኝ፣ አባቴ! ቀና ብሎም አየኝ። እኔ ግን ተነሣ፣ ምሬሃለሁ አልኩት። ምሬሃለሁ! ምነው ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

እርስዎ አንድ ቀን ተማሪዎ ዜማ ቢያርምዎ በጉባኤው ፊት ተነሥተው እጅ ነሥተውታል። ያን ቀን ልጅ ነበርኩና አፍሬብዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

ነገሳ ሰኞ ተመልሶ መጣ። ያንኑ ሰርኪዩት እንደገና እንዲለካ ብሰጠው፣ መለኪያውን እንኳ ሳይነካ የመጽሐፉን ቁጥር ጽፎ አስረከበኝ። እንግዲህ ያስተማርኩት ይህን ነው።

ነገ በተማሪዎቹ ሁሉ ፊት፣ እሑድ ደግሞ በአባቱ ፊት ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ምርቃትዎን እስከዚያ ያቆዩልኝ።

እናቴን በእጅጉ ሳሙልኝ። እኅቴ ወርቅውሃ ከነልጆቿ እንደምን ናት በሉልኝ። ታናሼ ተድላ ይህን ደብዳቤ ራሱ ያንብብልዎ፤ ወንድሜ ሁሉን ያውቃል እያለ በየሰዉ ቤት ማውራቱንም ይተው።

ልጅዎ ተሾመ ዓባይነህ
ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1962 ዓ.ም.