ለአንድ እግር በር የዘጉት የወይዘሮ አፀደ ዮሳዲቅ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አፀደ ከአባታቸው ከአቶ ዮሳዲቅ ተክሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ አይናለም በሚያዝያ ወር 1957 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በሚባለው ሠፈር ተወለዱ። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ እንደሚያወራው ከሆነ፣ አፀደ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዴ እምቢ ካሉ ያ ሁሉ ባቡር ቢስባቸው ከቆሙበት የማይነቃነቁ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን በዚያው በድሬዳዋ ተምረዋል።

በ1973 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ታናሽ ወንድማቸው ልደቱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። እናታቸው ገበያ ሲውሉ ቤቱን የሚይዙት አፀደ ሆኑ። ልደቱን ያጥቡታል፣ ፊደል ያስቆጥሩታል፣ ሲያጠፋም ጆሮውን ይዘው ያስተካክሉታል። እህቱ ናቸው ከማለት ሁለተኛ እናቱ ናቸው ማለት ለእውነቱ ይቀርባል።

ወይዘሮ አፀደ ሐረር ሄደው በነርስነት ሠለጠኑ። ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላም አዲስ አበባ ፊዚዮቴራፒ፣ ማለትም የተጎዳ አካልን በእንቅስቃሴ፣ በማሸትና በመሣሪያ የማከም ሙያ ተማሩ። በ1985 ዓ.ም. በትራንዚት ሥራ ከሚተዳደሩት ከአቶ ካሣ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ፣ ትንግርትን ወለዱ። በ1991 ዓ.ም. የአገራችን ጭነት ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲዞር አቶ ካሣም አብረው ዞሩ፤ ቤተሰቡም ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚህ ወደ ጅቡቲ ከተማ መጣ። መጀመሪያ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሠፈር በኪራይ፣ ኋላም ሆዳን ሠፈር በራሳቸው ቤት ኖሩ።

ወይዘሮ አፀደ በከተማዋ በሚገኝ አንድ ሐኪም ቤት የፊዚዮቴራፒ ክፍል ተቀጠሩ። ሶማልኛውን ከድሬዳዋ ይዘውት ስለመጡ አልቸገራቸውም። ፈረንሳይኛቸው ግን ሰዋስው አልነበረውም፤ ድምፅ ብቻ ነበረው። ሆኖም የሚፈልጉትን ሳያገኙ የቀሩበት ቀን ትዝ የሚለው ሰው የለም። የወደብ ተሸካሚዎችና የረጅም መንገድ ሾፌሮች ወገባቸውን ሲያማቸው እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። እሳቸውም በትንሽ መሣሪያ፣ ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ፓች በኩል፣ ነርቭን የሚያነቃቃ ለስላሳ ኤሌክትሪክ እየሰጡ ሕመማቸውን ያስታግሱላቸው ነበር። መንዘሩ ጉንዳን ሲሄድብህ ከሚሰማህ አይበልጥም፣ ይሏቸዋል።

ያ ትንሽ መሣሪያ ለራሳቸው ቤተሰብ የተፈለገው በሐምሌ 2006 ዓ.ም. ነው። የተሳቢ መኪና ሾፌር የነበረው ልደቱ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ ሲጓዝ መኪናው ተገለበጠ። የግራ እግሩ ቅልጥም ቆዳና ሥጋው ተገፎ አጥንቱ ወጣ። እሳቸው በሚሠሩበት ሐኪም ቤት ቀዶ ጥገናውን ያደረጉለት፣ የድሬዳዋ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የሆኑት ዶክተር ረምዚ ናቸው። ከባቱ ላይ ቆዳ ከነሥጋው አንሥተው፣ ሥሩን ሳይቆርጡ፣ በአጥንቱ ላይ ገልብጠው ሰፉት። እንዲህ ያለው ቆዳ የሚኖረው በሥሩ በኩል በሚደርሰው ደም ብቻ ነው። ደሙ ካልደረሰው ከጫፉ ይጀምርና ይሞታል።

ከቀናት በኋላ ጫፉ መጥቆር ጀመረ። ዶክተር ረምዚ ነገሩን አልሸፋፈኑም። ቆዳው ከሞተ አጥንቱ ይጋለጣል፣ ያመረቅዛል፣ እግሩም ከጉልበት በታች ይቆረጣል። ልደቱ ከመንዳት ሌላ እንጀራ አልነበረውም። ወይዘሮ አፀደ አላለቀሱም። ይልቁንም ነርቭን በኤሌክትሪክ ማነቃቃት ወደተሰፋ ቆዳ የሚሄደውን ደም ሊጨምር ይችላል የሚል ጥናት ማንበባቸውን ነገሯቸው። ዶክተሩም ጥናቱን ያውቁት ነበር።

“እትዬ አፀደ፣ እኔም አንብቤዋለሁ። ግን አብዛኛው የተሞከረው በአይጥ ላይ ነው” አሏቸው።

“ወንድሜም ያው ነው፤ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚንከራተት። ይስማማዋል” ሲሉ መለሱ።

ዶክተር ረምዚ ፈገግ አሉና ፈቀዱ። በአንድ ነገር ግን አስጠነቀቋቸው፦ ብርድ፣ ጫትና ሲጋራ የደም ሥርን ስለሚያጠብቡ፣ እነዚህ ካልተከለከሉ መሣሪያው ብቻውን ምንም አይፈይድም። ወይዘሮ አፀደ ፓቹን ከቁስሉ ራቅ አድርገው በቆዳው ሥር ግራና ቀኝ ለጠፉ፣ የልደቱን እግር በብርድ ልብስ ሸፈኑ፣ አየር ማቀዝቀዣውንም አጠፉ። የጅቡቲን ሐምሌ ለሚያውቅ፣ የዚህን ትእዛዝ ክብደት ማስረዳት አያሻም።

ችግሩ የመጣው ከፍቅር ነው። ሾፌር ሲታመም ሾፌር ሁሉ ይጠይቃል። ጠያቂም ባዶ እጁን አይመጣም። ከቀትር በኋላ የዕለቱ ጫት ከተማ ሲገባ ጓደኞቹ እስር እስሩን ብብታቸው ሥር ይዘው ይደርሳሉ፤ ልደቱ በላብ ተነክሮ ሲያዩት ደግሞ አዝነው ማቀዝቀዣውን እስከ መጨረሻው ይለቁለታል። አንድ ከሰዓት ወይዘሮ አፀደ ሌላ በሽተኛ አክመው ሲመለሱ ክፍሉ እንደ ዓሣ ማከማቻ ቀዝቅዞ፣ ከትራሱ ሥር ጫት ተሸጉጦ፣ የተሰፋው ቆዳ ጫፍም ከጠዋቱ ይልቅ ጠቁሮ አገኙት።

ከዚያ ወዲያ ወንበር ጎትተው በሩ ላይ ተቀመጡ።

“ልጆቼ፣ ሰው ይገባል፤ ጫት አይገባም። ክሊሙን፣ ማቀዝቀዣውን የነካ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም” አሉ።

ሾፌሮቹ ተቀየሙ። “ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፤ እርሷ መድኃኒቱን በር ላይ ታስቆመዋለች” ብለው በየመኪና ማቆሚያው አሟቸው። ወሬው ድሬዳዋ ሲደርስ ይባስ ብሎ፣ አፀደ የወንድሟን እግር በኤሌክትሪክ ጠበሰችው ሆነ። እናታቸው በስልክ እያለቀሱ ልጄን ተይልኝ ብለው ለመኗቸው። የእናት እንባ ለማንም ይከብዳል፤ ለእሳቸውም ከብዶ ነበር። ቢሆንም ፓቹን አላነሡም፤ በሩንም አልለቀቁም። ቡላኦስ ሠፈር ጨርቅ የሚነግዱት የሐረሯ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሐምዲያ ነበሩ የደረሱላቸው። ሱቃቸውን እየዘጉ መጥተው አጠገባቸው ይቀመጡና የጠያቂውን ጫት በፌስታል ይቀበላሉ። “ስትወጡ ትወስዱታላችሁ፣ እኔ ቅጠል አልበላም” ይሏቸዋል። ቂሙ በሳቅ የበረደው በእሳቸው ብልሃት ነው።

ከሁሉ ያስቸገረው ግን ራሱ በሽተኛው ነበር።

“እህቴ፣ እግሬ ቢድን እንኳ እኔ እዚሁ ቀልጬ አለቅሁ” አላቸው።

“ቅለጥ። እግርህ ግን ይቆያል” አሉት።

ያን ጊዜ ተናዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሳቸው ግን ላቡን ከመጥረግ አልቦዘኑም፤ ራሳቸውም በዚያው ሙቀት ውስጥ ከእሱ ባልተናነሰ ይልባቸው ነበር።

ጥቁረቱ ቆመ። ቀስ በቀስም ቆዳው ወደ ቀይ ዳማ ተመለሰ። የጣት ጫፍ የምታህል ብቻ ሞታ ዶክተር ረምዚ ቆርጠው አወጧት፤ ቦታዋም በራሱ ሞላ። ሰው ሁሉ መሣሪያውን ሲያሞግስ ወይዘሮ አፀደ አልተቀበሉም። “መሣሪያው ይሁን፣ ሙቀቱ ይሁን፣ የጫቱ መቅረት ይሁን፣ አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል። የሚደረገውን ሁሉ ግን አድርጌያለሁ” ይሉ ነበር። ልደቱ በቀጣዩ ዓመት መሪውን መልሶ ጨበጠ።

ከዚያ በኋላ እሳቸውና ዶክተር ረምዚ ያንኑ ሕክምና ለሌሎችም ሞክረዋል። ለሁሉም አልሠራም። አምቡሊ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት የሚያወርዱት የአቶ ሲምቦ እግር አልተረፈም። ወይዘሮ አፀደ ለዚህ በጣም አዝነዋል፤ ግን ሐዘናቸውን ታቅፈው አልተቀመጡም። ከሥራ ሲወጡ በሚኒባስ አምቡሊ እየሄዱ፣ አቶ ሲምቦ በሰው ሠራሽ እግር ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ አስተምረዋቸዋል። “የሞተውን ትተን በቀረው እንሠራለን” የሚለው ቃላቸው ከዚያ ወዲህ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ የተለመደ ነው።

ወይዘሮ አፀደ ቀጥተኛ፣ ቁጣቸው ቅርብ፣ ምሕረታቸው ግን ከቁጣቸው የሚቀድም ሰው ነበሩ። የተቀየሟቸው ሾፌሮች ኋላ ልጆቻቸውን ክርስትና ያስነሱት በእሳቸው ነው። ልብስ አያበዙም፤ ጨዋታና ዓሣ ግን ይወዱ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የልብ ድካም ያዛቸው። ሐኪሞች ዕረፉ ቢሏቸውም በሽተኞቼን አልተውም ብለው እስካለፈው ዓመት ጾመ ፍልሰታ ድረስ ሠርተዋል። በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በስድሳ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው አቶ ካሣ፣ ልጃቸው ትንግርትና ወንድማቸው ልደቱ ከኋላቸው ቀርተዋል። በሕመማቸው ጊዜ ላልተለዩን ለወይዘሮ ሐምዲያ፣ ለዶክተር ረምዚና ለሾፌሮች ማኅበር ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ለሰው ሥቃይ ዕረፍት ላጡት ለእህታችን፣ ቸሩ አምላክ በደጋጎቹ አጠገብ የማያልቅ ዕረፍት ይስጥልን።

ይህን ታሪክ የጻፈውም አሁን የሚያነብላችሁም ታናሽ ወንድማቸው ልደቱ ነው። ቤተሰቡ ተቀምጠህ አንብብ ብሎ ወንበር አቅርቦለት ነበር። አልፈለገም። እሳቸው ባቆሟቸው በሁለት እግሮቹ ቆሟል።