ከሴራሚኩ ሥር ያለው ክዳን

ኅዳር 5

ዛሬም ጠዋት ቦይ ውስጥ። ጭቃው እስከ ጉልበቴ። አራቱ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀዋል። ቦታው ጠባብ ስለሆነ የሁሉም ፍሳሽ በአንድ ቱቦ፣ በቤቶቹ ጀርባ ወርዶ ነው የሚወጣው። መፈተሻ ጉድጓዱ ያለው መጨረሻ ላይ፣ ከአራተኛው ቤት ኩሽና ጀርባ ነው። ቱቦ ከተደፈነ ክዳኑን አንስቶ ሽቦ መስደድ... ሌላ መግቢያ የለውም። ውሃ ልኩን አጋድሜ ተዳፋቱን አየሁ። ልክ ነው! ቧንቧ ሠራተኛው በፉጨት መረቀኝ። ሲሠራ አፉ አያርፍም፤ ሳይቱ ሁሉ «ፉጨት» ነው የሚለው።

አለቃዬ ገዢ ሲያመጣ «ኢንጂነር» ይለኛል። ገዢው ሲሄድ «አንቺ ልጅ»። ግድ የለም። ገና ጀማሪ ነኝ... ይለምዳል።

አራተኛው ቤት የእህቴ ነው። «እኔ ራሴ የምቆምበት ሥራ ነው፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ግዢ» ያልኳት እኔ። ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ቤት ሰው ቤት ስትዞር የኖረች ሴት... የራሷን ቁልፍ ስትይዝ ለማየት እንዴት እንደጓጓሁ!

ኅዳር 14

እህቴ ሳይት መጣች። ኩሽናው መሃል ቆማ ሁለት እጇን ዘረጋች። ግድግዳና ግድግዳውን ልትነካ ትንሽ ነው የቀራት።

«እዚህ ውስጥ እኔና ድስቴ ወረፋ ልንይዝ ነው?»

አለቃዬ ሳቀ። «ችግር የለም እመቤት፣ ግድግዳውን ወደ ኋላ እንገፋዋለን።»

ወደ ኋላ? ጉድጓዱ እኮ እዚያ ነው! ግን እህቴ ደስ ብሏት ነበር... ዋጥ አደረግኩት። ስትሄድ ነገርኩት። ግድግዳው ከተገፋ ጉድጓዱ ኩሽና ውስጥ ይገባል፤ ይግባ፣ ሽታ የማያሳልፍና የሚነሳ ክዳን ይደረግለት። «እሺ እሺ» አለኝ።

ኅዳር 23

«እሺ እሺ» ማለት «አልሰማሁሽም» ማለት ኖሯል።

ጠዋት ስገባ ኩሽናው ከዳር እስከ ዳር ሴራሚክ ለብሷል። ክዳን የለም። ጉድጓድ የሚባል ነገር ያልነበረ ይመስላል። ሴራሚክ አንጣፊው በጨርቅ እየወለወለ «አያምርም?» ይለኛል። ያምራል! ይበልጥ ያቃጠለኝም ማማሩ ነው።

አለቃዬ ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ ነገ ቢደፈን በየት ይከፈታል?»

«አዲስ ቱቦ ምን ይደፍነዋል? ሰው የሽንት ቤት ጉድጓድ ክዳን እያየ ምግብ ይበላል እንዴ?»

«አስቀድሜ ነግሬህ ነበር...»

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ትምህርት ቤት አይደለም። እዚህ ቤት ነው የምንሸጠው።»

ፉጨትን ዞሬ አየሁት። አቀርቅሯል። ፉጨቱም የለ። ያውቃል! ሁሉም ያውቃል! ታዲያ ጯሂ እኔ ብቻ?

ኅዳር 24

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ዛሬም ጠየቅኩ፤ ዛሬም እንቦጭ። ጭራሽ ከነዚህ አራቱ ኋላ የምንሠራው ሌላ ረድፍ አለ፤ የእሱንም የመጨረሻ ቤት ኩሽና በዚሁ ዓይነት ገፍተው ሊያለብሱት ነው። ሄጄ የጉድጓዱን ቦታ ከመስኮቱ ጥግ ለክቼ ያዝኩ። የእህቴን ቀድሜ ለክቼዋለሁ።

ኅዳር 29

ለእህቴ ነገርኳት። «እታለም፣ አለቃዬን ሴራሚኩ ይነሳ በይው፤ የቤቱ ባለቤት አንቺ ነሽ፣ አንቺን ይሰማል።» ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ደስ ሲለኝ አትወጂም አይደል?» እኔ! እኔን! ባሏ ሶፋው ላይ ተጋድሞ «ኢንጂነሯ ከሽንት ቤት በቀር የሚታያት የለም» አለ። ተሳሳቁ። ተነስቼ ወጣሁ። ደረጃው ላይ አለቀስኩ። ከዚያ በማልቀሴ ተናደድኩ።

ታኅሣሥ 8

አንደኛውና ሁለተኛው ቤት ሰው ገብቶባቸዋል። ሦስተኛው ጋ ብቅ ስል ሴራሚክ አንጣፊው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባልዲ ያጥባል። የሲሚንቶ ዝቃጩን ወለሉ ላይ ባለው ማፍሰሻ እየለቀለቀ!

«ምን እያደረግክ ነው?»

«ባልዲ እያጠብኩ።»

«ቱቦ ውስጥ ድንጋይ እየሠራህ ነው እኮ!»

«ሁሌም እዚሁ ነው የማጥበው፣ የኔ እህት። ውሃ ይወስደዋል።»

ሁሌም። በየቤቱ። ውሃ ይወስደዋል... ወዴት? ወደ እህቴ ኩሽና ሥር ነዋ!

ለአለቃዬ ነገርኩት። «እሺ እሺ።»

ታኅሣሥ 17

የፈራሁት ደረሰ። ዛሬ እህቴ ዕቃ የምታስገባበት ቀን ነበር። አንደኛው ቤት ልብስ ታጠበ፤ እጣቢው በእህቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ወጣ። መጀመሪያ አረፋ፣ ከዚያ ፀጉር፣ ከዚያ የማልጽፈው። አልጋዋ በር ላይ እንደቆመ ነው። ባሏ አፍንጫውን ይዞ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...» ብሎ ሲጀምር በዓይኗ አስቆመችው።

አለቃዬ መጣ። የፈላ ውሃ ይደፋበት አለ።

«ሲሚንቶ የፈላ ውሃ ይፈራል እንዴ ጋሼ?»

«ሴራሚክ አላሰብርም! ሌሎቹ ገዢዎች ቢያዩ ምን ይላሉ?»

ሌሎቹ ገዢዎች! እህቴ እፊቱ ቆማ!

ደሜ ፈላ። የፉጨትን መዶሻና መሮ አነሳሁ። ከመስኮቱ ጥግ ለክቼ ተንበረከክኩ።

«ከመታሽው ሥራሽ አበቃ» አለ አለቃዬ።

እጄ ቆመ። ቆመ እኮ! ያን ያህል ጮኼ ጮኼ፣ መምቻው ሲደርስ...

እህቴ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቤ ተንበረከከች። መዶሻውን ከእጄ ወሰደች። «የቱ ጋ ነው?» በጣቴ አሳየኋት። «ቤቱ የኔ ነው» አለችው፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየው። መታችው።

ተሰነጠቀ። ከዚያ እየተቀባበልን። ፉጨት ማንም ሳይጠራው ሽቦውን ይዞ መጣ። ከቱቦው ክንድ የሚያህል የደረቀ ሲሚንቶ ተጎትቶ ወጣ። ውሃው ጉሮሮው እንደተለቀቀለት ሰው እየተንደቀደቀ ወረደ።

አለቃዬ «ነገ እንዳትመጪ» ብሎኝ ሄደ። እህቴ በጭቃ እጇ ጉንጬን ያዘች።

ጥር 2

ሥራ ፍለጋ። «ልምድ አለሽ?» ይሉኛል። ሳቄ ይመጣል፤ ከሳቁ ኋላ ንዴቱ።

ክዳኑ አሁን ኩሽናው ወለል ላይ አለ፤ የሚነሳ፣ ዙሪያው ጎማ። እህቴ ምንጣፍ ጣል አድርጋበታለች። እንግዳ ሲመጣ ገልጣ «ይሄ የእህቴ ሥራ ነው» ትላለች። ባሏ «ኧረ በልተን እስክንጨርስ!» ይላል።

ጥር 11

ስልክ። አለቃዬ!

«ኢንጂነር፣ እንደምን ነሽ?»

ኢንጂነር? አጠገቡ ገዢ አለ እንዴ? ጆሮዬን ጣልኩ። ሰው የለም። የሚሰማው የውሃ ድምፅ ነው።

የኋላው ረድፍ ቱቦ ተደፍኗል። ያ የተገፋው ኩሽና፣ ያ ሴራሚክ። ሰው ከገባበት ሰነበተ።

«የቱ ጋ እንደሆነ የለካሽው አንቺ ነሽ... ባለቤቶቹ ሥራ ሄደዋል፤ ሳይመጡ ቶሎ ብለሽ...»

ሳይመጡ! ዛሬም ከገዢ ተደብቆ!

«ሲመጡ ደውልልኝ፣ ጋሼ። የምከፍተው በፊታቸው ነው። ለምን እንደተደፈነ የምትነግራቸውም አንተ ነህ።»

ውሃው ከጀርባው ይንደቀደቃል።

«እሺ» አለ። አንዴ ብቻ።

ንዴቴ አልበረደም። መዶሻዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ስልኩን እያየሁ ነው።