ሐረር ላይ ማን እንደጠፋ

ደምስዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እኔና አንተ እቤት ውስጥ ሰላምታ መለዋወጥ ስለማናውቅ፣ እንደምን ነህ ብዬ መጀመር እንግዳ ነገር ሆነብኝ። ዝም ብዬ ከቤቱ ልጀምርልህ።

ጌጃ ሰፈር ያለው ቤታችን እንዳለ ነው። ከኛ ማዶ ያለው ረድፍ ግን ፈርሷል፤ ጎረቤቶቻችን ገሚሶቹ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። ዕድራችንም ሰው እየሳሳበት ነው። ላዳህን ታቆምበት የነበረው ጥግ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ መቀመጫ ሳይቀር ተሠርቶበታል። አንድ ቀን ከልደታ ማርያም ስመለስ እግሬ ዝሎ አረፍ ብዬበት ነበር። በጓዳ በኩል የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አማችህ፣ የሜሮን ባል፣ ቀየረልኝ። ሜሮን ከኛ ጋር ኑሪ እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ እስካሁን እሺ አላልኳትም።

ዛሬ ልጽፍልህ የተነሳሁት ግን ስለ ሐረር ነው።

የሄድነው ለታኅሣሡ ቁልቢ ገብርኤል ነበር። ሐሳቡን ያመጣኸው አንተ ነህ። ወገቤን አሞኛል ብለህ ላዳውን ካቆምክ ወራት አልፎህ ስለነበር፣ ቤት መዋል ሰልችቶህ መሰለኝ። ስለት አለብኝ አልከኝ። ሜሮን ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረችና ስለቱ ስለሷ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ አልጠየቅኩህም። ከበዓሉ ማግስት ሰዉ ሁሉ ወደየመጣበት ሲመለስ አንተ "እዚህ ድረስ መጥተን ጀጎልን ሳናይ እንመለስ?" አልክ። እኔም ደስ አለኝ። ከተጋባን ጀምሮ ሁለታችን ለብቻችን፣ ለማየት ብለን የትም ሄደን አናውቅም ነበር። መንገድ የምንወጣው ለልቅሶና ለሠርግ ነበር።

ሚኒባሱ የሸዋ በር አጠገብ አወረደን። ወደ ግንቡ ጠጋ ብለህ ድንጋዩን በመዳፍህ ዳሰስከውና "ይሄ ነው እንግዲህ" አልክ። እኔ የጠበቅኩት ከዚያ የረዘመ ነበር፤ ግን ደስታህን እንዳልቀንሰው ብዬ አልነገርኩህም። ፈረስ መጋላ አደባባይ ስንደርስ አሮጌዎቹን ፔጆ ታክሲዎች አየህ። አንተን ከግንቡ ይበልጥ እነሱ ነበሩ የማረኩህ። "ተመልከቻት፣ ይቺ እኮ ከኔ እኩል ሳትሆን አትቀርም" እያልክ ከአንዷ ወደ አንዷ ስትሄድ ገና የመጀመሪያ መኪናውን ያገኘ ጎረምሳ መስለህ ነበር።

ከዚያ ልብስ ሰፊዎቹ ወዳሉበት ጠባብ መንገድ ገባን። የስፌት መኪናው ድምፅ ቀኑን ሙሉ ስለማያቋርጥ መኪና ግርግር ይሉታል። ለሜሮን ቀሚስ የሚሆን ጨርቅ ገዛሁና አንዱ ሰፊ እዚያው ሊሰፋልኝ ተቀመጠ። አንተ መቆም አልሆነልህም። "ፔጆዎቹን አይቼ መጣሁ" ብለኸኝ ሄድክ። ካለሁበት እስከዚያ ቅርብ ነው።

ቀሚሱ ተሰፍቶ አለቀ፤ አንተ የለህም። ስልክህ ላይ ብደውል እዚያው ቦርሳዬ ውስጥ ጮኸ። ሄጄ ሾፌሮቹን ጠየቅኩ። አንዱ "ላዳ ነጂ ነበርኩ ያሉን ሰውዬ? ከሄዱ ቆይተዋል እኮ፣ በዚያ በኩል ገቡ" ብሎ እኔ ከመጣሁበት ሌላ መንገድ አሳየኝ። ገባሁ። አንተም ዞረህበታልና ታውቀዋለህ፤ ግድግዳው አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሐምራዊ ነው፣ ግን አንዱን ካለፍክ በኋላ ሁሉም ያው ነው። መንገዱ ይጠብና ሁለት ይሆናል፣ ደግሞ መልሶ ያወጣሃል። መጀመሪያ ተናደድኩ። አንድ ቦታ ቆሞ ወሬ ይዞ ነው፣ ሳገኘው አሳየዋለሁ እያልኩ ነበር የምሄደው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ንዴቱ ጠፍቶ ፈራሁ። የአዲስ አበባን ቅያስ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያውቅ ሰው በዚህች ግንብ ውስጥ እንዴት ይጠፋል?

አንድ በር ላይ ቆመው መንገድ መንገዱን የሚያዩ እናት "አስካለ አንቺ ነሽ?" አሉኝ። ደንግጬ ነኝ አልኩ። "አቦ ግቢ፣ ባልሽ እዚህ ነው" አሉኝ። ፋጡማ ይባላሉ። "ደጃፌን ሲያልፍ ሲመለስ፣ ሲያልፍ ሲመለስ አየሁት። ማንን ነው የምትፈልገው ስለው ሚስቴን አለ። የት ትተሃት መጣህ ስለው ስምሽን ብቻ ነገረኝ። ስሟን ከያዝን ትመጣለች አልኩና አስቀመጥኩት" ብለው አስገቡኝ።

አንተ ጫማህን አውልቀህ፣ ግድግዳውን በሞላው ሰሃንና ሰፌድ ሥር፣ ከፍ ያለው መደብ ላይ ሻይ ይዘህ ተቀምጠሃል። ስታየኝ ሳቅክ። እኔ ግን ሰው ቤት መሆኔንም ረስቼ ተቆጣሁህ። ፋጡማ "ተዪው፣ እዚህ ያልጠፋ እንግዳ የለም" ብለው ለኔም ሻይ ቀዱልኝ። ሻዩን እየጠጣሁ ነገሩን እንደሳቸው በቀላሉ ወሰድኩት።

ከቤቱ ስንወጣ እጄን ያዝከኝ። መንገድ ላይ እጄን ይዘኸኝ አታውቅም። ሰው ያየናል ብዬ ላስለቅቅህ ነበር፤ አጥብቀህ ስለያዝከኝ ተውኩት። የሸዋ በርን ወጥተን ግንቡ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ እስክንቀመጥ ድረስ አለቀቅከኝም።

እዚያ ነው የነገርከኝ።

"አስኩ፣ የጠፋብኝ ሐረር ብቻ መሰለሽ?" አልከኝ። ሰንጋ ተራ ላይ ሰው ጭነህ ሳለ ልደታ በየት በኩል እንደሆነ ጠፍቶብህ መንገዱን ያሳየህ ተሳፋሪው ነበር። መጀመሪያ በአዲሶቹ ሕንጻዎች አሳበብክ። ሁለተኛ ጊዜ ሲደርስብህ ግን ምንም አዲስ ሕንጻ የሌለበት ቦታ ነበር። ወገቤን ያልከው ሰበብ ነበር። ላዳውን ያቆምከው ሰው ይዤ ገደል እንዳልገባ ብለህ ነው። ስለቱም ለዚሁ ነበር፤ ገብርኤልን የለመንከው ራስህን እንዳትረሳ ነው።

ቀሚሱን እግሬ ላይ ሳጣጥፍና ስፈታ ቆየሁ። አንተ "ለሜሮን አትንገሪያት" አልክ። አልነግራትም ልልህ አልቻልኩም። "እስክትወልድ እሺ። ከወለደች በኋላ እነግራታለሁ" አልኩህ። በዚህ ትጣላኛለህ ብዬ ነበር። የሚገቡትንና የሚወጡትን ሰዎች ስታይ ቆይተህ "እስክትወልድ ይበቃኛል" አልክ። ጅብ ሲመገብ እናያለን ብለን ነበር፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

ቃሌን ጠበቅኩ። ሶልያና ተወልዳ አራስነቱ ሲያልቅ ለሜሮን ነገርኳት፤ አልቅሳ ስታበቃ ሐኪም ቤት ይዛህ ሄደች። መድኃኒቱ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም አሉን። አዘገየውም፤ ለዚያ ተመስገን ነው። ጌጃ ሰፈር ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን መሄድ የጀመርነው ያኔ ነው። ባለሱቁ ሁሴን በሩቅ ሲያየን "ሙሽሮቹ መጡ" ይል ነበር። አንተም አንገትህን ቀና አድርገህ ትስቃለህ። ማን ማንን እየመራ እንደሆነ ሰፈሩ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

እየቆየ የሐረሩ ታሪክ አንተ ጋ ተገለበጠ። የጠፋሁት እኔ፣ በየመንገዱ ዞረህ ያገኘኸኝ አንተ ሆንክ። ሰው ቤታችን በመጣ ቁጥር ታወራዋለህ። መጀመሪያ ላይ "ኧረ አንተ ነህ የጠፋኸው" ብዬ አርምህ ነበር። አንድ ቀን እንግዳ ፊት እንዲህ ስልህ ፊትህ ጥቁር ሲል አየሁና ተውኩት። ኋላማ እኔም መጨመር ጀመርኩ። ጫፍ ላይ ስትደርስ "ስታገኘኝማ አለቀስኩ" እልልሃለሁ፤ አንተም "አልቅሳለች" ብለህ ታጸናዋለህ።

በመጨረሻው ዓመት ሜሮንን አላወቅካትም፤ እኔንም እንደ ታላቅ እህትህ እትዬ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት ደጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጬህ ጥፍርህን ስቆርጥልህ፣ ሳልጠይቅህ "እትዬ፣ አስካለ ሐረር ላይ ጠፍታብኝ ነበር" አልከኝ። መቁረጫውን አስቀመጥኩ። "ታዲያ አገኘሃት?" አልኩህ። "አገኘኋት" አልክ። ጥፍርህን ቆርጬ ጨረስኩልህ።

ባለፈው ቅዳሜ ሶልያና እዚህ ውላ ነበር። ጥርሷን ቀይራለች፤ ቁመቷም ከወገቤ በላይ ሆኗል። ሽንኩርት ስልጥ አጠገቤ ቁጭ አለችና "እማማ፣ እውነት ሐረር ጠፍተሽ አባባ ነው ያገኘሽ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ፈርተሽ ነበር?" አለችኝ። በጣም ፈርቼ ነበር አልኳት።

የመጨረሻው መልሴ እውነት ስለሆነ ውሸታም አትበለኝ። ለሷ ታሪኩ ያንተው እንደሆነ ይቆይ። የሸዋ በሩን ድንጋይ፣ የፋጡማን ሻይ፣ እጄን ስትይዘኝ መዳፍህ ላብ እንደነበረው፣ እነዚህን እኔ ይዣቸዋለሁ። አእምሮዬ እስካለ ድረስ አልጥላቸውም፤ አንድ ቀን እኔም መርሳት ብጀምር እንኳ ይሄ ወረቀት ሜሮን እጅ ይኖራል።

አስካለህ