የዳንግላው ጥምቀት

እሑድ፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ እንጅባራ

ዛሬ ከባፕቲስት ቤተ ክርስቲያናችን የአባላት ስብሰባ የወጣሁት እየተንጨረጨርኩ ነው። ከዳንግላ ተዛውራ የመጣችው ነርሷ የሺወርቅ አባል ልሁን ብላ ጠይቃን ነበር። ወንዝ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ጠልቃ ነው የተጠመቀችው፤ እኛም የምናጠምቀው እንደዚያው ነው። ታዲያ ምን ቀራት?

ሽማግሌያችን ጋሽ አድማሱ ግን፣ «እህታችን፣ ያጠመቀችሽ ቤተ ክርስቲያን ባፕቲስት አይደለችም፤ አናውቃትም። እንደገና ተጠመቂ» አሏት። ድምፅ ሲሰጥ አብዛኛው ሰው ለእሳቸው እጁን አወጣ። ለእሷ ያወጣነው ጥቂት ነን።

የሺወርቅ ብድግ አለች። «ጋሼ፣ ጥምቀቴን ካልተቀበሉት ለምን እህታችን ይሉኛል?»

አሁንስ ያፍራሉ ብዬ አንገቴን አስግጌ ጠበቅሁ።

«አይ እህታችን፣» አሉ ጋሽ አድማሱ፣ «እሱ እኮ የአፍ ልማድ ነው።»