ለአባዬ ዐይን የተረፈው ገንዘብ

ቢቸና፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.

ዛሬ አባዬ ሳይታሰቡ ከሞጣ መጡ። ግራ ዐይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን ቀኙም እየፈዘዘ ነው። ቄስ ሆነው ዳዊታቸውን ማንበብ ከተሳናቸው ወራት አልፈዋል፤ ለእኔ ግን አልነገሩኝም። ሐኪም አዲስ አበባ ሄደው እንዲታከሙ መክሯቸዋል።

«ገንዘብ ልጠይቅህ አልመጣሁም፤ የመምህርን ደመወዝ አውቃለሁ» አሉኝ። «ጨርሶ ሳይጠፋብኝ መልክህን ልይ ብዬ ነው።»

«ገንዘቡ አለኝ አባዬ። ፈቃድ ጠይቄ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።»

«ከማን ተበድረህ?»

«ከማንም።»

ድምፄ አለመንቀጥቀጡ እኔኑ ገረመኝ። አምና የሰው ኮቴ በሰማሁ ቁጥር አበዳሪ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዜ የት እንደገባ አላውቅም ነበር፤ እንቅልፍ የሚነሳኝም ከማጣቱ ይልቅ ይህ አለማወቄ ነበር። ከመስከረም ወዲህ የማወጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ደመወዝ በተቀበልኩ ዕለትም የኪራዩን፣ የቀለቡንና የክፉ ቀኑን ለየብቻ አስቀምጣለሁ። ደመወዜ ያው ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረችበትም። ታዲያ ያ ሁሉ ፍርሃት የት ሄደ? እስካሁን እየደነቀኝ ነው።

የክፉ ቀኑን ከሣጥን አውጥቼ እጃቸው ላይ አኖርኩት። በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩ።

«ይህ ሁሉ ካንተው ደመወዝ ነው?»

«አዎ።»

ተነሥተው ግንባሬን በእጃቸው ፈልገው ሳሙኝ። ዐይናቸው ይመለስ አይመለስ እግዚአብሔር ያውቃል። ሰኞ ግን እንሄዳለን።